የአፍ ጠረን ከወዴት ይመጣል?

ዛሬ የምናነሣው ነገር ሰው ለሰው ለመንገር የሚያፍርበት ነው። ስለ አፍ ጠረን ነው። አፍ ለምን ይሸታል? ምንስ ይደረግለታል?

ነገሩን እንድንጽፍ ያደረገችን አንዲት የልጆች እናት ናት። ያገኘናት በድሬዳዋ ከተማ፣ በቀፊራ ገበያ ነው። ቀፊራን የድሬዳዋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ከገጠር የሚመጡ እናቶች ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ወተቱን ይዘው ይቀመጡበታል። እኛም ሽንኩርት ልንገዛ ሄድን። ይህችን እናት ዋጋ ብንጠይቃት በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ፊቷንም አዞረች። ከዚያ ጣቶቿን ዘርግታ ዋጋውን በጣት አሳየችን።

መጀመሪያ የኮራች መሰለን። ቆይተን ስናያት ግን ከማንም ጋር ስታወራ አፏን ትሸፍናለች። ስትስቅም ትሸፍናለች። ጎረቤቶቿ እየጮኹ ሲሸጡ እርሷ ዝም ትላለች። ዝም ያለ ነጋዴ ደግሞ አይሸጥለትም። የእርሷ ሽንኩርት እንዳለ ቀረ።

ከእኛ ጋር አንዲት የጤና ባለሙያ ነበረች። እርሷም ነገሩ ገባት። ቡና አዘዝንላትና አጠገቧ ቁጭ አልን። ቀስ እያለች ነገረችን።

«ሦስት ዓመት ሆነኝ» አለች። «ባሌ ከእኔ ጋር በአንድ ገበታ መብላት ትቷል። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። የነገረችኝ ትንሿ ልጄ ናት። ስስማት፣ እማ አፍሽ ይሸታል አለችኝ።»

ይህን ስትናገርም አፏን አልገለጠችም።

ያላደረገችው ነገር የለም። ከሆዴ ነው ብላ ፌጦ ጠጣች። ጤና አዳም ጠጣች። አንድ መድኃኒት ሻጭ «የጨጓራ ነው» ብሎ እንክብል ሸጠላት፤ ጨረሰችው። ቅርንፉድ ታኝካለች። ቅርንፉዱ ለጥቂት ጊዜ ሽታውን ይደብቃል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። አንዲት ጎረቤት ደግሞ «ጂን ነው» አለቻት። ያን ጊዜ እንቅልፍ አጣች።

የጤና ባለሙያዋ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። «እኅቴ፣ ጥርስሽን አሞሽ ያውቃል?»

«ድሮ አሞኝ ነበር። አሁን ትቶኛል።»

ወደ ጥግ ወስዳ አፏን በብርሃን አየችላት። ከታች ከመንጋጋዋ አንዱ ጥርስ ተቦርቡሮ ባዶ ሆኗል። በታችኛው የፊት ጥርሶቿ ጀርባ ድንጋይ የመሰለ ቢጫ ነገር ተጋግሯል። ድዷ አብጦ ቀልቷል፤ ሲነኩት ይደማል። ባለሙያዋም «ነገሩ ሆድሽ ውስጥ አይደለም። ጂንም አይደለም። እዚሁ አፍሽ ውስጥ ነው» አለቻት።

አንባቢዎች ሆይ፣ የዛሬው ትምህርታችን ዋናው ነጥብ ይህ ነው። አፋቸው ከሚሸት አሥር ሰዎች ውስጥ የስምንቱ ወይም የዘጠኙ ሽታ የሚመጣው ከራሱ ከአፍ ነው። ከምላስ፣ ከድድና ከጥርስ ነው። ከሆድ የሚመጣው በጣም ጥቂት ነው። ከጉሮሮ ወደ ሆድ የሚወርደው ቱቦ እኮ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ስንውጥ ይከፈታል፤ ስናገሳ ይከፈታል። በሌላው ጊዜ ዝግ ነው። ስለዚህ የሆድ ሽታ ቀኑን ሙሉ በአፍ ሊወጣ አይችልም። ለዚች እናት የተሸጠላት የጨጓራ እንክብልም ያልሠራው ለዚህ ነው።

እንግዲህ በአፍ ውስጥ ምን ተገኝቶ ነው የሚሸተው? ወተት የምታልቡ ሰዎች ነገሩን ቶሎ ትረዱታላችሁ። የወተት ቅል ካልታጠበና ካልታጠነ ምን ይሆናል? ትላንት የቀረው ወተት በቅሉ ሥር ይጠነባል። አዲስ ወተት ብትጨምሩበትም ይበላሻል። አፍም እንዲሁ ነው። በጥርስ መካከልና በምላስ ላይ የምግብ ትርፍራፊ ይቀራል። በአፋችን ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሉ። ባክቴሪያ ይባላሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ትርፍራፊውን ይበላሉ። ሲበሉ አየር ያወጣሉ። አየሩ ድኝ ያለበት ነው። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ታውቁ የለም? የእርሱ ዘመድ ነው።

ባክቴሪያዎቹ የሚወዱት አየር የማይደርስበትን ስርቻ ነው። ስለዚህ በድድ ሥር ይደበቃሉ። በተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ ይኖራሉ። ከሁሉ በላይ ግን በምላስ ላይ፣ በኋላ በኩል ይሰፍራሉ። ምላሳችሁን በመስተዋት እዩት። ከፊት ቀይ ነው፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ነጭ ወይም ቢጫ ነገር ተለብዶበታል። ብዙ ሰው ጥርሱን ይፍቃል፤ ምላሱን ግን ይረሳል።

የአፍ ጠባቂው ምራቅ ነው። በመስኖ ቦይ ውስጥ ውሃ ሲሄድ ቆሻሻ አይቀመጥም፤ ውሃው ሲቆም ግን ይሸታል። ምራቅም እንዲሁ አፍን ቀኑን ሙሉ ያጥባል። ሌሊት ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል። ጠዋት ስንነሣ የሁላችንም አፍ የሚሸተው በዚህ ምክንያት ነው። የጠዋቱ ሽታ በሽታ አይደለም። አፍን ሲያጸዱና ቁርስ ሲበሉ ይጠፋል። በጾም ጊዜ የሚመጣው ሽታም እንደዚሁ ነው። ሰው ሳይበላና ሳይጠጣ ሲውል አፉ ይደርቃል። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ድሬዳዋና ዙሪያዋ ደግሞ ቆላ ነው። ላብ ብዙ ነው፤ አፍ ቶሎ ይደርቃል። በእርሻም በገበያም የሚውል ሰው ውሃ ይዞ ይውጣ፤ ደጋግሞም ይጠጣ።

ሰው የራሱን አፍ ሽታ አያውቅም። አፍንጫው ይለምደዋል። ታዲያ እንዴት ይታወቃል? አንድ ቀላል መንገድ አለ። የእጃችሁን አንጓ በምላሳችሁ ላሱት። አሥር እስክትቆጥሩ ጠብቁ። ከዚያ አሽትቱት። ሌላው መንገድ የምትወዱትን ሰው መጠየቅ ነው። ይህ ከመላሱ ይልቅ ይከብዳል፤ ግን ይበልጥ እርግጠኛ ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው እንሂድ። ሕክምናው በአብዛኛው በቤት ውስጥ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

ከመፋቂያ እንጀምር። በድሬዳዋ ጎዳና ላይ መፋቂያ በእቅፍ ይዘው የሚሸጡ ሰዎች ሞልተዋል። አንድ ሽማግሌ ሻጭ ዘንድ ቆመን ጠየቅናቸው። «አባባ፣ የትኛው ይሻላል?» አልናቸው። እሳቸውም አንዱን አንሥተው «ይህ ዐደይ ነው። ያቃጥላል፤ ካቃጠለ ይሠራል» አሉን። ዐደይ የሚለው የሶማሌዎች ስም ነው። በእስልምና ሚስዋክ የሚባለው መፋቂያ በአብዛኛው ከዚሁ ዛፍ የሚቆረጥ ነው። ሙስሊሞች ከሶላት በፊት ይፍቁበታል። በደጋው አገር ደግሞ ወይራ፣ ልምጭና ክትክታ ይፋቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም መፋቂያ በተለመደበት አገር ሕዝቡ እንዲጠቀምበት አበረታቷል። ስለዚህ «መፋቂያ የድሀ ነው፤ ብሩሽ የሀብታም ነው» የሚል ካለ አትስሙት። ዋናው የያዙት ዕቃ ሳይሆን አፋፋቁ ነው።

ሽማግሌው ያልነገሩን ነገር አለ። የመፋቂያ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፍቀው የፊት ጥርሱን ብቻ ነው። እየሄደ ይፍቃል፤ እያወራ ይፍቃል። የፊት ጥርሱ እንደ ወተት ይነጣል፤ መንጋጋው ግን እንደ ቆሸሸ ይቀራል። በምላስ በኩል ያለው የጥርስ ጀርባም አይነካም። ሽታው ያለው እዚያ ነው! ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የመፋቂያውን ጫፍ በጥርሳችሁ አላልሙና እንደ ብሩሽ ይበተን። ከድዱ ጀምራችሁ ወደ ጥርሱ ጫፍ ፋቁ። የላይኛውን ጥርስ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ ማለት ነው። ከፊት ወደ መንጋጋ ሂዱ። ከዚያ የጥርሱን ጀርባ ፋቁ። ያለቀውን ጫፍ በየቀኑ ወይም በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ቆርጣችሁ ጣሉት። አንዱን መፋቂያ ለሁለት ሰው አታድርጉ፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ።

ወተት የሚያወጣ እንጨት ግን ወደ አፍ አይግባ። አንዳንድ ሰው ለጥርስ ሕመም የቅንጭብ ወተት ያደርጋል። ቅንጭብ አፍን ያቃጥላል፤ ዓይን ከነካም ይጎዳል። አሸዋም ጥርስን ይፍቃል፤ ግን የጥርሱን ቆዳ አብሮ ይዞት ይሄዳል።

የጥርስ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና መግዛት የቻለ ሰው ፍሎራይድ ያለበትን ሳሙና ይግዛ። ፍሎራይድ ጥርስን የሚያጠነክር ንጥረ ነገር ነው። ስሙ በሳሙናው ዕቃ ላይ ተጽፏል። አሁን ማንበብ ትችላላችሁና ፈልጉት። ለትልቅ ሰው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል ይበቃዋል። ሳሙናው ይተፋል እንጂ አይዋጥም።

መቼ ይፋቃል? ጠዋትና ማታ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚችል ሰው ካለ ማታን ይምረጥ። ሌሊት ምራቅ እንደሚቀንስ ቅድም ተናግረናል። በአፉ የእራት ትርፍራፊ ይዞ የተኛ ሰው ለባክቴሪያዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ግብር አብልቶ ያድራል።

ምላስን በማንኪያ ጠርዝ ማጽዳት ይቻላል። ማንኪያውን አጥባችሁ ገልብጡት። ከምላሱ ኋላ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ሳቡት። አራት አምስት ጊዜ ይበቃል። አትጫኑት፤ ምላስ እንዲደማ አንፈልግም። መጀመሪያ ያስመልሳችኋል። ትንፋሽ አውጥታችሁ ብትስቡት ይቀላል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ይለመዳል። ማንኪያው ላይ የሚወጣውን ነገር አሽትቱት። ሽታው ከየት እንደሚመጣ ያን ጊዜ ራሳችሁ ታምናላችሁ።

ድዱ ያበጠ ሰው በጨው ውሃ ይጉመጥመጥ። አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ተጉመጥምጣችሁ ትፉት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አድርጉት። በአረቄ መጉመጥመጥ ግን አፍን ያደርቃል፤ ጥቅም የለውም።

ስለ ድድ መድማት አንድ ነገር እንበል። ብዙ ሰው ሲፍቅ ደም ሲያይ ይደነግጥና መፋቅ ይተዋል። «መፋቂያው አቆሰለኝ» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ጤነኛ ድድ ሲፋቅ አይደማም። የሚደማው ታሞ ስለነበረ ነው። የታመመውም ቆሻሻ ስለተጠራቀመበት ነው። ቀስ እያላችሁ በየቀኑ ብትፍቁት በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ደሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ካልቀነሰ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በእርግዝና ጊዜ ድድ ይበልጥ ይደማል፤ ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ስትሄድ ይህንንም ትንገር።

ከጥርስ ሥር የሚጋገረውን ድንጋይ ግን መፋቂያም ብሩሽም አያነሣውም። የድሬዳዋ ውሃ የሚፈላበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን አይታችሁታል? ውሃው ድንጋያማ ስለሆነ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። በእጃችሁ ብታጥቡት አይለቅም። በጥርስ ላይም ምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን ከቆሻሻው ጋር ተጋግሮ እንዲሁ ይጠነክራል። ይህን የሚያነሣው የጥርስ ባለሙያ ነው፤ በመሣሪያ ይፍቀዋል። «የጥርስ ድንጋይ ካስነሡ ጥርስ ይነቃነቃል» የሚባል ወሬ አለ። እውነቱ እንዲህ ነው። ድንጋዩ ድዱንና ጥርሱን የያዘውን አጥንት ቀድሞ ይበላዋል። ጥርሱ የላላው ያኔ ነው። ድንጋዩ ሲነሣ ልላቱ ይታያል እንጂ አዲስ ልላት አይመጣም። ዘግይቶ የሄደ ሰው ወሬውን ያወራል፤ ቶሎ የሄደ ሰው ጥርሱን ያተርፋል። የተቦረቦረ ጥርስም ገና ትንሽ ሳለ ይሞላል። ሲቆይ ግን መነቀል ይመጣል። የጥርስ ሕመም «ተወኝ» ማለትም ድኗል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የጥርሱ ነርቭ ሞቷል ማለት ነው። በቀፊራ ያገኘናት እናት የሆነችው ይህንኑ ነው።

በምሥራቅ አገር ስለ አፍ ስናወራ ጫትን መዝለል አንችልም። የጫት ቃሚ ወንድሞቻችን «ጫት ቅጠል ነው፤ አፍን ያጸዳል» ይላሉ። እኛ አንስማማም። ጫት ምራቅን ያደርቃል። ቅጠሉ በአንድ ጉንጭ ለብዙ ሰዓት ይቀመጣል። በዚያ በኩል ያለው ድድ ይሸሻል፤ የጥርሱ ሥር ይገለጣል። ከባርጫው ጋር ስኳር አለ፤ ለስላሳ አለ፤ ለውዝ አለ፤ ሲጋራም አለ። ስኳሩ ጥርስን ይቦረቡራል። ለውዙ በጥርስ መካከል ይሰገሰጋል። ሲጋራው አፉን ይበልጥ ያደርቀዋል፤ የራሱንም ሽታ ይጨምራል። ብትተዉት ደስ ይለናል። ለጊዜው መተው ያልቻላችሁ ግን ከስኳርና ከለስላሳ ይልቅ ውሃ ጠጡ። ገራባውን ስትተፉ አፋችሁን ተጉመጥመጡ። ሳትፍቁም አትተኙ። ምርቃናው እስኪበርድ ሲሉ ብዙዎች ሳይፍቁ ያድራሉና።

ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ጉዳይ ለየት ይላል። የነጭ ሽንኩርት ሽታ ወደ ደም ይገባል፤ ከደም ወደ ሳንባ ሄዶ በትንፋሽ ይወጣል። ስለዚህ ጥርሱን ቢፍቅም ቶሎ አይለቀውም። ይህ በሽታ አይደለም። ወጡ ጥሩ ነበር ማለት ነው።

እስካሁን ያልነው ስለ ብዙው ሰው ነው። ከአሥሩ የቀሩት አንዱ ወይም ሁለቱስ? እዚህ ላይ ሽታው መልእክተኛ ነው፤ ሊደበቅ አይገባውም።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው አፉ የበሰበሰ ፍራፍሬ ዓይነት ጣፋጭ ሽታ ሊያመጣ ይችላል። ውሃ አብዝቶ ከጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ ከሸና፣ ካስመለሰው፣ ትንፋሹም ከከበደ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። ነገ አይባልም። ኩላሊቱ በጣም የታመመ ሰው ትንፋሽ የሽንት ሽታ ይኖረዋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው፣ የሚሸት አክታም የሚተፋ ሰው ሳንባውን ይታይ። ትንሽ ልጅ በአንድ የአፍንጫ ቀዳዳው ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ካወጣ ደግሞ ባቄላ ወይም የበቆሎ ፍሬ ከትቶ ሊሆን ይችላል። ልጆች ይህን ያደርጋሉ፤ አይናገሩምም። በእንጨት አትጎርጉሩት፤ ይብሱን ይገባል። ጤና ጣቢያ ያወጣዋል።

አሁን የምንጽፈውን ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ለማያነብ ጎረቤታችሁም አንብቡለት።

ኖማ የሚባል በሽታ አለ። በአብዛኛው የሚይዘው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ፣ ኩፍኝ ወይም ወባ ይዞት የተነሣ ልጅ ይጠቃበታል። አገራችን ኢትዮጵያም በሽታው ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። አጀማመሩ ትንሽ ነው። የልጁ ድድ ይቆስላል፤ ይደማል። አፉም ክፉኛ ይሸታል። እናት «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ትላለች። አያት «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥ» ትላለች። ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። ጉንጩ ያብጣል። ከዚያ ይጠቁራል፤ ሥጋውም ይወድቃል። በጥቂት ቀንና ሳምንት ውስጥ የልጁ ፊት ይበሳል። ካልታከሙት ከአሥር ልጆች እስከ ዘጠኝ ይሞታሉ። የተረፈው ፊቱ ተበላሽቶ፣ መንጋጋው ተቆልፎ ይኖራል። ሰው አይቶት ይሸሸዋል፤ «እርግማን ነው» ይሉታል። እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

የሚያሳዝነው መጀመሪያ ላይ ማዳኑ ቀላል መሆኑ ነው። ድዱ ቆስሎ አፉ በሸተተ ጊዜ ከደረሰ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ይሰጠዋል። አፉ በመድኃኒት ይታጠባል። እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ እየተመገበ ይጠነክራል። ፊቱም ሳይነካ ይድናል። ጉንጩ ከተበሳ በኋላ ግን ነገሩ ወደ ከባድ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ከተረሱ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። ዘግይቷል እንላለን። በሽታው የድሀ ልጅ በሽታ ስለሆነ ብዙ ዘመን ተረስቶ ነበር።

ስለዚህ የታመመ ወይም የከሳ ልጅ አፉ በድንገት ቢሸት፣ ድዱም ቢቆስል፣ በዚያው ቀን ለጤና ኬላ አሳዩት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። ከባድ ከሆነ ጤና ጣቢያው ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል ይልከዋል። ወደ እንጥል ቆራጭ አትውሰዱት። ደሙም ቁስሉም ይጨምርበታል። የኩፍኝ ክትባቱንም በጊዜው ያግኝ።

ወደ መነሻችን ወደ ቀፊራዋ እናት እንመለስ። እውነቱን ለመናገር እኛን ያሳዘነን የጥርሷ ነገር አይደለም። ጥርስ ይታከማል። ያሳዘነን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ትልቅ ሰው እንኳ ሳይነግራት መቅረቱ ነው። ባሏ ገበታ ለየ። ጎረቤት ፊቷን አዞረች። ሁሉም አወቀ፤ እርሷ ብቻ አላወቀችም። ጉርሻ በሚጎራረስ አገር፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ ሰላም በሚባባል አገር ይህ ትልቅ ቅጣት ነው። እርሷም ባሏ ሌላ ሴት የወደደ መስሏት ነበር።

«ታዲያ እንዴት ይነገራል?» ትሉን ይሆናል። በሰው ፊት አይነገርም። በጠብ መካከልም አይነገርም። ለብቻ ሆናችሁ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጋችሁ «የእኔ እመቤት፣ ድድሽን ሳያምሽ አይቀርም፤ አብረን ሄደን እንታይ» ማለት ይቻላል። «ትሸቻለሽ» ከማለት «ሳያምሽ አይቀርም» ማለት ይሻላል፤ ሐሰትም አይደለም። ሚስትም ለባሏ እንዲሁ ትንገረው። መቼም የወንድ አፍ አይሸትም የሚል ሕግ የለም።

ባለሙያዋ ለዚች እናት ሁለት ነገር ነገረቻት። አንደኛው ጥርስ ወደሚታከምበት ቦታ እንድትሄድ ነው። ሁለተኛው ማታ ማታ መንጋጋዋንና የጥርሶቿን ጀርባ እንድትፍቅ፣ ምላሷንም በማንኪያ እንድታጸዳ ነው። እኛም የተረፈውን ሽንኩርት ገዝተን ሄድን። ከምንፈልገው በላይ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ሽንኩርት ስንበላ ሰነበትን።

ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ቀፊራ ሄድን። የተቦረቦረው ጥርስ ተነቅሏል። ድንጋዩም ተነሥቷል። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ነበር። አንዲት ደንበኛዋ ዋጋ ስታስቀንሳት እርሷ ደግሞ እየሳቀች ትከራከራለች፤ ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል። ስለ ባሏ አልጠየቅናትም። እርሷ ግን ቅርንጫፍ የሚያህል ዐደይ ከመሶቧ አውጥታ አሳየችንና «ግማሹን እርሱ ነው የሚቆርጠው» አለችን።

ሽንኩርቱን ግን አንድ ብር እንኳ አልቀነሰችልንም።